ከፍሪዘሩ በፊት ድስቱ

(የመግቢያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል።)

ሌሊቱን ጅብ ሲያባርርና ኮቴ ሲያዳምጥ ያደረ የግቢ ውሻ ቀን ላይ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ጥላ፣ ውሃና እንቅልፍ። የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት በእነዚህ ላይ አራተኛ ይጨምራል፤ በበጋ ቀን ለውሻ የሚቀርብ፣ እቤት የሚሠራ ጄላቲ። አሠራሩ ከዝግጅቱ አጋማሽ በኋላ ስለሚነገር እርሳስና ወረቀት ቀረብ ማድረግ ይጠቅማል።

«አዲስ አበባ ውስጥ፣ ያውም የካ፣ ያውም እንጦጦ ሥር፣ ደግሞ ምን ሙቀት አለና?» የሚል አድማጭ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የካ ክፍለ ከተማ ከሾላ ገበያና ከመገናኛ ተነሥቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮንና በኮተቤ በኩል ወደ እንጦጦ ተራሮች የሚወጣ ደጋ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የእንጦጦ ጫፎች ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ሞቃት ወቅት እንኳ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለአፋር ሰው ይህ ብርድ ነው።

የደጋ ውሻን የሚያሠቃየው ግን ከአየሩ ይልቅ ፀሐይዋ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይበረታል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከስድስት ሰዓት ተኩል ግድም፣ የግቢ አጥር ጥላ አይጥልም። ጠዋት ከግንቡ ሥር በጥላ የታሰረ ውሻ ቀትር ላይ እዚያው ግንብ ሥር፣ በዚያው ሰንሰለት፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይገኛል። ወደ ቤቱ ልግባ ቢል ደግሞ ቤቱ ብዙ ጊዜ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ የጋለ ቆርቆሮ ውስጥ ከመተኛት ውጭ መሆን ይሻለዋል።

ሰው ሲሞቀው በመላ ሰውነቱ ያልበዋል። ውሻ ግን ላብ የሚያመነጨው በመዳፉ ሥር ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ዋናው ማቀዝቀዣው ማለክለክ ነው። ምላሱን አውጥቶ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ከአፉና ከመተንፈሻ አካሉ የሚተነው እርጥበት ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ጤነኛ ውሻ የሰውነቱ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። 41 ካለፈ ጉዳዩ ወደ አደገኛ የሙቀት ምት ይሸጋገራል፤ አንጎል፣ ኩላሊትና ጉበት ይጎዳሉ። ፀጉረ ረጅሙ ጀርመን ሼፐርድ፣ ከመጠን በላይ የወፈረው፣ ያረጀው፣ ይልቁንም እንደ ፐግና ቡልዶግ አፍንጫው የተደፈጠጠው ከቀጭኑ የሀበሻ ውሻ ቀድመው ይቸገራሉ።

ከሰንሰለቱ ቀጥሎ የሚያሰጋው መኪና ነው። ውጭ 24 ዲግሪ በሆነ ደስ የሚል ቀን መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በ10 ደቂቃ ወደ 34፣ በግማሽ ሰዓት ደግሞ ወደ 43 ዲግሪ ይወጣል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ነፋሻ ነው ብሎ፣ ወይም መገናኛ ላይ «አንድ ዕቃ ገዝቼ ልምጣ» ብሎ ውሻውን መኪና ውስጥ የሚተው ሰው ይህን ቁጥር ማስታወስ ይኖርበታል።

(አጭር ሙዚቃ)

ጄላቲው ምን ይጠቅማል? እውነቱን ለመናገር የውሻን ሰውነት በብዙ አያቀዘቅዝም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ውሃ መጠጣት የሚሰለቸውን ውሻ እየላሰ ፈሳሽ እንዲያገኝ ያደርገዋል፤ ቀኑን ታስሮ ለሚውለውም ጥሩ ሥራ ይሆነዋል። ጥላንና ውሃን ግን አይተካም። ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል፤ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ አንድ ሊትር ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ማለት ነው፤ ሲሞቅም ይጨምራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ለሰው ጀሪካን ሲሞላ የውሻውም ድርሻ አብሮ ቢቀዳ፣ ሳህኑም በሰንሰለት ተመትቶ የማይገለበጥ ከባድ ዕቃ ቢሆን ከብዙ ችግር ያድናል።

በረዶ ያለበት ውሃ ውሻ ይገድላል የሚል ወሬ አለ። ጤነኛ ውሻ በረዶ ቢልስ፣ ቀዝቃዛ ውሃም በመጠኑ ቢጠጣ አይሞትም። ጉዳት የሚያደርሱት ሌሎች ነገሮች ናቸው። ድንጋይ የመሰለ ትልቅ በረዶ ሲቆረጠም ጥርስ ይሰነጥቃል፤ ሳይላስ የተዋጠ ቁራጭ ትንሽ ውሻን ያንቃል፤ ሲሮጥ የቆየና ደረተ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ ብዙ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ቢጋት ሆዱ ሊነፋ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ የሚመጣው ግን ከቅዝቃዜው አይደለም፤ ከድስቱ ነው። በአብዛኞቻችን ቤት ውሻ የሚበላው ከማዕድ የተረፈውን ነው። ለጄላቲ የሚሆን መረቅ ሲታሰብም እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ተረፈው ወጥ ነው። የወጡ መሠረት ደግሞ ቁሌት ነው፤ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬና ጨው።

ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። በውስጡ ያሉ ሰልፈር አዘል ንጥረ ነገሮች የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰባብራሉ። ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት በአንድ ጊዜ የበላ ውሻ ደሙ ሊጎዳ ይችላል። አምስት ኪሎ ለሚመዝን ትንሽ ውሻ ዝቅተኛው መጠን 75 ግራም፣ አንድ መለስተኛ ራስ ሽንኩርት ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚበላውም ቢሆን ጉዳቱ ይጠራቀምበታል። ነጭ ሽንኩርት ከቀዩ ይበልጥ ይበረታል። መቁላላትም ሆነ መቀቀል መርዙን አያጠፋውም፤ ፍሪዘርም እንደዚያው። ምልክቱ ወዲያው ስለማይታይ ባለቤቱ ከወጡ ጋር አያይዞ አያስበውም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሻው ይደክመዋል፣ ድዱ ይገረጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል።

እዚህ ላይ የወጥ ቤት ሙያ ይጠቅማል። ዶሮ ወጥ ሲሠራ ሽንኩርቱ ድስቱ ውስጥ ቀድሞ ስለሚገባ ለውሻ የሚሆን መረቅ ከዚያ አይወጣም። ቅቅል ግን ሌላ ነው። አጥንቱ ገና በውሃ ብቻ እየፈላ ሳለ፣ ሽንኩርቱና ጨው ከመጨመራቸው በፊት፣ የውሻው ድርሻ በጭልፋ ተቀንሶ ለብቻው ሊቀመጥ ይችላል። ወጥ ቤት ያለችው እናት ወይም የቤት ሠራተኛ ይህችን አንዲት ቅደም ተከተል ካወቀች ግማሹ ሥራ አለቀ።

የወቅቱ አቆጣጠርም ይታሰብበት። ሞቃቶቹ ወራት አብዛኛውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማሉ። ለ55 ቀናት የክርስቲያን ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ጿሚ ቤት ውስጥ አጥንት የለም፤ ውሻው ሽሮና እንጀራ እየቀመሰ ይከርማል። የሽሮውም ቁሌት ሽንኩርት መሆኑ አይረሳ። ከዚያ ፋሲካ ይመጣና በአንድ ቀን ቅባት፣ የዶሮ አጥንትና የበግ ሆድ ዕቃ ይዘንብበታል። የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠረ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ድንገት የተበላ ብዙ ስብ ደግሞ ቆሽትን ያሳብጣል።

የሆድ ዕቃው ጉዳይ የሰውንም ጤና ይነካል። በግቢ ውስጥ በግ ሲታረድ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ መወርወር የቆየ ልማድ ነው። በእነዚህ የሰውነት ክፍሎች ላይ አንዳንዴ የሚታዩት ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች በውሻ አንጀት የሚያድግ ትንሽ የኮሶ ትል ዓይነት እጭ ይይዛሉ። ውሻው ሲበላቸው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በፀጉሩና በአፈሩ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ሕፃኑ በእጁ ወደ አፉ ያስገባዋል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚያድግ ከረጢት የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። ጥሬ ሳንባ አቀዝቅዞ ለውሻ ጄላቲ ማድረግ ያማረ ሐሳብ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም የቤት ፍሪዘር እንደ መቀቀል አያስተማምንም። ሳንባውም ሆነ ጉበቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ በደንብ መፍላት አለበት። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ጊዜውን ረዘም ማድረግ ተገቢ ነው። ከረጢት የታየበትን ግን ቀቅሎ ከመስጠት ውሻ በማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ይሻላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አሠራሩ። እርሳስ የያዘ ይጻፍ።

የመጀመሪያው የመረቅ ጄላቲ ነው። አንድ ኪሎ የበሬ አጥንት በሦስት ሊትር ውሃ፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ይቀቀላል። አጥንቱ ይወጣል፤ መረቁ በወንፊት ይጠለልና ሲበርድ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ላይ ከላይ የረጋው ነጭ ስብ በማንኪያ ተገፍፎ ይጣላል። የቀረው መረቅ እኩል መጠን ካለው ንጹሕ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ በትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያዎች ይቀዳና ፍሪዘር ውስጥ ይገባል። በማግሥቱ ደርሶ ይገኛል። ውሃው የቧንቧ ወይም የፈላ ይሁን፤ ከእንጦጦ ተነሥቶ በሰፈሮች መካከል የሚወርደው የቀበና ወንዝ ውሃ ቆሻሻ ስለሚቀላቀልበት ለዚህ አይሆንም።

ሁለተኛው የጾም ነው። ልጣጩ የተነሣ ዱባ ወይም ሁለት ካሮት ተቀቅሎ ከአንድ ሙዝና ፍሬው ከወጣ ቁራሽ ፓፓያ ጋር በጁስ መፍጫ ይፈጫል፤ እስኪቀጥን ውሃ ይጨመርበታል። ሐብሐብ በሚገኝበት ወቅት ፍሬውና ልጣጩ ወጥቶ ሥጋው ብቻውን ተፈጭቶ ይበቃል። ማንጎም ይሆናል፤ ፍሬው ግን ከውሻው ይራቅ፤ የተዋጠ የማንጎ ፍሬ አንጀት ይዘጋል። ስኳር አይጨመርም።

ሦስተኛው እርጎ ነው። ከፈላ ወተት የተረጋ፣ ምንም ያልተጨመረበት እርጎ በእኩል ውሃ ቀጥኖ ይቀዘቅዛል። ከጥሬ ወተት የረጋው ተሕዋሲያን ሊኖሩበት ስለሚችል ይቅር። ወተት የማይስማማቸው ውሾች ስላሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ማንኪያ ብቻ ሰጥቶ ሆዱን ማየት ነው።

ፈጽሞ የማይገቡትም ይጻፉ። ሽንኩርት በማንኛውም መልኩ። ወይንና ዘቢብ፤ የውሻን ኩላሊት በድንገት ሊያደክሙ ይችላሉ። ቸኮሌት፤ በውስጡ ያለው ቲዮብሮሚን ልብና ነርቭ ያውካል። ቡና፤ ከጀበና የተደፋው አተላም ጭምር ካፌይን ስላለው። የጠላ አተላ፤ የአልኮል ቅሪት አለበት። ያልተጋገረ የዳቦ ሊጥ፤ ሆድ ውስጥ ሞቆ ይነፋል፣ አልኮልም ያመነጫል። ከሱፐርማርኬት የተገዛ የለውዝ ቅቤ የሚጨምር ሰው ማሸጊያውን ያንብብ፤ ዛይሊቶል የሚባለው የስኳር ምትክ ካለበት የውሻውን የደም ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ሊጥለው ይችላል።

መጠኑ በቡና ሲኒ ይለካ። ለትንሽ ውሻ ግማሽ ሲኒ፣ ለመካከለኛ አንድ፣ ለትልቅ ሁለት ሲኒ በቀን በቂ ነው። ከዋናው ምግብ ውጭ የሚሰጥ ማንኛውም ነገር ከዕለት ምግቡ ከአንድ አሥረኛ ማለፍ የለበትም። ጄላቲው ከፍሪዘር ሲወጣ አምስት ደቂቃ ይቆይና ፊቱ ይለስልስ። ከፕላስቲኩ ወጥቶ፣ እንጨት ሳይሰካበት፣ በዝርግ ሳህን ጥላ ሥር ይቀመጥ። ሮጦ የመጣ ውሻ ማለክለኩ እስኪበርድለት ይጠብቅ። ሁለት ውሾች ካሉ ተራርቀው ይላሱ፤ የሰከነ ውሻ እንኳ በምግብ ላይ ጥርሱን ያሳያልና ልጆች በዚያ ሰዓት አይጠጉ።

መብራትስ ቢጠፋ? ሰፈሩ ለሰዓታት ጨልሞ የመረቁ ጄላቲ ፈጽሞ ቀልጦ ከሞቀ፣ መብራት ሲመጣ መልሶ ማቀዝቀዝ አይገባም፤ ይደፋ። መሐሉ ገና በረዶ ከሆነ ግን ወዲያው ቢቀርብ ችግር የለውም።

ከግቢ ውጭ ላሉት ውሾች የሚያዝን ልብ የየካ ሰው አያጣም። ለእነሱ ከሁሉ የሚሻለው ከበሩ ራቅ ብሎ ጥላ ሥር የተቀመጠ የውሃ ዕቃ ነው። ለማያውቁት ውሻ በእጅ ማጉረስ አደገኛ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ከምራቅ በንክሻ ይተላለፋል፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን እጅግ ብርቅ ነው። ብዙ የአዲስ አበባ ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» የሚለው፣ የአሁኑ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የዚህን በሽታ ክትባት ለአሥርት ዓመታት ሲያመርት ኖሯል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ለግቢው ውሻ ደግሞ የየዓመቱ ክትባት ከማንኛውም ጄላቲ ይቀድማል።

በመጨረሻ፣ ጄላቲ የማይሠራበት ሰዓት አለ። ማለክለኩ አልቆም ብሎ፣ ድዱ ደም መስሎ፣ ለሃጩ ተዝረክርኮ የሚንገዳገድ፣ የሚያስታውክ ወይም የወደቀ ውሻ የሙቀት ምት ይዞታል። አፉ ውስጥ በረዶ መክተት ያንቀዋል። ወዲያው ወደ ጥላ ማንሣት፣ በመላ ሰውነቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ ማፍሰስ፣ በካርቶንም ቢሆን ማራገብ ያስፈልጋል። እርጥብ ፎጣ ጥሎበት መተው ሙቀቱን ስለሚያፍነው አይመከርም። ራሱን ካወቀ ውሃ በትንሽ በትንሹ ይቅረብለት። ማቀዝቀዙ ከተጀመረ በኋላ፣ የተሻለው ቢመስልም እንኳ፣ ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ፤ የውስጥ ጉዳቱ በማግሥቱ ሊወጣ ይችላልና።

ጄላቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ ውሻም በማግሥቱ ይታይ። ዓይነ ምድሩ ትንሽ ከላላ የተሰጠውን አቁሞ ውሃ ብቻ ማቅረብ ይበቃል። ትውከቱ ከደጋገመ፣ ድዱ ከገረጣ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ግን ሐኪም ዘንድ ሲኬድ የበላውን ሁሉ ሳይደብቁ መናገር፣ ትርፍ ጄላቲም ካለ በኩባያው ይዞ መሄድ ለምርመራው ይረዳል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)